ቀርፋፋዋ ልጅቷ ናት ወይስ ኮምፒዩተሯ?

በየቢሮው ቀርፋፋ የሚባል ወጣት ሁሉ ቀርፋፋ አይደለም። አንዳንዱ ፋይል ሲፈልግ ነው የሚመሽበት። አንዳንዱ ደግሞ ትናንት የጻፈውን ዛሬ እንደገና ሲጽፍ፣ መብራት የበላበትን ሲተካ ነው ወሩ የሚያልቀው። አለቃ ይህን አያይም። አለቃ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ደብዳቤው ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ካልደረሰ ፍርዱ አጭር ነው። «ይህቺ ልጅ ቀርፋፋ ናት!»

ይህን የምለው ሰው ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ቀርፋፋ መባል እንጀራ ያሳጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ለሥራው አትመጥንም» የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። እስቲ አብረን እናስላ። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ በከንቱ ቢባክን በ60 ቀን 60 ሰዓት ነው። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል ሰባት ቀን ተኩል ይሆናል። ችሎታችሁን ለማሳየት ከተሰጣችሁ ቀን ላይ አንድ ሳምንት ከነቅዳሜው ጠፋ ማለት ነው!

የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ነው ይህን ሁሉ ያናገረኝ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ደረሰኝ ትመዘግባለች፣ የደንበኞች ዝርዝር ትይዛለች። ጎበዝ ልጅ ናት። በአርባኛው ቀን ገደማ አለቃዋ ሰው በተሰበሰበበት «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ይደርሳል ወይስ ለፋሲካ ነው?» ሲላት ማታ እኔ ዘንድ መጣች። «ከሚያባርሩኝ ብተወው አይሻልም?» አለችኝ።

«ቆይ እስቲ» አልኳት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ነገ አንድ ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪ። እጅሽ ሥራውን ትቶ ሌላ ነገር ሲያሳድድ አንድ መስመር አስምሪ፤ አጠገቡ ምክንያቱን ጻፊ።»

በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ መጣች። 23 መስመር! ከመስመሮቹ አንዱም ስለ ስንፍና አይናገርም። «ፋይል ፍለጋ»፣ «ደግሞ ፋይል ፍለጋ»፣ «የሂሳብ ቁጥር መልሼ ኮፒ»፣ «ከቅርንጫፍ የመጣው አማርኛ አይነበብም»፣ «ፍላሹ ቫይረስ»፣ «መብራት»። ቀኗን የሚሰርቁት ሌቦች በስም ተዘርዝረው ተገኙ። ቀጥሎ ያለው ሥራ ለእያንዳንዱ ሌባ ዘበኛ መቅጠር ነበር። ደስ የሚለው ነገር፣ ዘበኞቹ በሙሉ ደመወዝ አይጠይቁም። ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚጫኑ ግን መጀመሪያ አለቃዋን አስፈቅዳለች። እናንተም ይህን አትርሱ።

አንደኛው ሌባ፦ ፍለጋ

«ውል የመጨረሻ»፣ «ውል የመጨረሻ 2»፣ «ውል እውነተኛው የመጨረሻ»። እንዲህ የሚል ፋይል የሌለበት ኮምፒዩተር ካለ አሳዩኝ። ዊንዶውስ ራሱ የሚፈልግበት ሳጥን አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ክቡ ሲሽከረከር ቡና ይፈላል።

ለዚህ «ኤቨሪቲንግ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ቮይድቱልስ በሚባል ስም የሚወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው። የፋይሉን ስም መጻፍ ስትጀምሩ ገና ቃሉ ሳያልቅ ዝርዝሩ ይመጣል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። የድሮ መዝገብ ቤት አስቡ። አንዱ ሠራተኛ ፋይል ሲጠየቅ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ይበረብራል። ሌላው ደግሞ የመዝገቡን ደብተር ገልጦ ቁጥሩን ያያል። ዊንዶውስ በዲስኩ ላይ የሁሉንም ፋይል ስም የያዘ እንዲህ ያለ ደብተር አለው፤ ኤቨሪቲንግ ደብተሩን ነው የሚያነበው። ስለዚህ ደብተሩ የሚያውቀው ስሙን ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደተጻፈ አይነግራችሁም።

እንግዲህ ስም ማውጣት እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል። ቀኑን ከፊት አድርጉት፤ መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ ቀጥሎ ቀን። ፋይሎቹ ራሳቸው በተራ ይሰለፋሉ። ነገር ግን በየትኛው አቆጣጠር? በእኛ አገር ቢሮ ግማሹ 2017 ሲል ግማሹ 2025 ይላል፤ ሁለቱም አንድ ቀን ነው የሚያወሩት! ከባልደረቦቻችሁ ጋር አንዱን ምረጡና ጽኑ።

የአማርኛ ስም ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ሠራተኛ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን «ሰራተኛ» ብላችሁ ብትፈልጉት አይገኝም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። መድኃኒቱ አወዛጋቢውን ፊደል ትቶ የቀረውን መጻፍ ነው። «ራተኛ» ብትሉት ሁለቱም ይመጣሉ። የአክስቴ ልጅ ይህን ስታይ «ጠፋ ያልኩት ሁሉ እዚሁ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች።

ሁለተኛው ሌባ፦ ኮፒ

ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው መገልበጥን የፈጠሩልን ላሪ ቴስለርና ጓደኛው ቲም ሞት ናቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የካሊፎርኒያ የምርምር ማዕከል ነበር የሠሩት። ቴስለር በ2020 እ.ኤ.አ. አርፏል። ግን ለብዙ ዓመታት ኮምፒዩተር የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ስትገለብጡ የመጀመሪያው ይጠፋል። ስለዚህ የደንበኛውን ስም ገልብጦ መመለስ፣ የባንክ ሂሳቡን ገልብጦ መመለስ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ገልብጦ መመለስ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መመላለስ ከሜክሲኮ መገናኛ ሁለት ታክሲ እንደመያዝ ነው።

ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ዊንዶውስ ይህን አስተካክሏል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የዊንዶውሱን ቁልፍ ይዛችሁ «ቪ» የሚለውን ፊደል ተጫኑ። መጀመሪያ «ላብራው ወይ?» ይላችኋል፤ እሺ በሉት። ከዚያ በኋላ የገለበጣችኋቸውን እስከ 25 የሚደርሱ ነገሮች በዝርዝር ያስቀምጥላችኋል። ሦስቱንም ቁጥር በአንድ ጉዞ ገልብጣችሁ መጥታችሁ እየመረጣችሁ ትለጥፋላችሁ። ሁልጊዜ የሚያስፈልጋችሁን፣ ለምሳሌ የድርጅቱን አድራሻ፣ የመርፌ ምልክቷን ነክታችሁ ብትሰኩት ኮምፒዩተሩ ቢጠፋም አይጠፋም። ያልተሰካው ግን ሪስታርት ሲደረግ ይጸዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በዚህ መንገድ ፓስወርድ የምትገለብጡ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ኮምፒዩተሩን ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት «አጽዳ» የሚለውን ንኩ። ኋላ «ማን አየብኝ?» ብሎ መጣላት የለም።

ሦስተኛው ሌባ፦ የማይነበብ አማርኛ

ከቅርንጫፍ ቢሮ ደብዳቤ ይመጣል። ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የመተት ጽሑፍ ይመስላል። የአክስቴ ልጅ ምን ታደርግ ነበር? ስልክ ደውላ እያስነበበች ከመጀመሪያው ትጽፈው ነበር!

የዚህ ችግር ታሪክ ረጅም ነው። ቀደም ባለው ጊዜ የአማርኛ መጻፊያ የሚሠራ ሁሉ ፊደላቱን በየራሱ ኮድ ነበር የሚያስቀምጣቸው። የአንዱን ጽሑፍ ያለ እሱ ፎንት መክፈት አይቻልም። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል አካተተ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው። ማይክሮሶፍትም በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ላይ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት አብሮ ሰጠ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዛሬ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከኮምፒዩተር ወደ ኢሜይል ሳይበላሽ ይሄዳል። ታዲያ ችግሩ ምንድነው? አሮጌው መጻፊያ እስከ ዛሬ ድረስ ያልወረደበት ቢሮ መኖሩ ነው።

መፍትሔው «ኪማን» ይባላል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ የመጻፊያ ፕሮግራም ነው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀውን የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ትጨምሩበታላችሁ። ድምፁን በላቲን ፊደል ስትመቱ በአማርኛ ይወጣል። ዎርድ ላይም፣ ኤክሴል ላይም፣ ኢንተርኔት ላይም ያው ነው። የአክስቴ ልጅ ራሷ ላይ ከጫነች በኋላ ዋናው ሥራዋ የቅርንጫፉን ጸሐፊ ማሳመን ነበር። በስልክ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ያ ግማሽ ሰዓት ግን የወሩን ሁሉ ድጋሚ ጽሕፈት አስቀረ።

አራተኛው ሌባ፦ ፍላሽ

ፍላሽ ዲስክ የከተማችን ጉንፋን ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት ይዞት ይመጣል፣ ቢሮውን በሙሉ ያስነጥሳል። ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ያገኘ ሰው የምለውን ያውቃል። ይህን የሚፈራው ደግሞ ምን ያደርጋል? በስልኩ ያነሳውን የደረሰኝ ፎቶ በቴሌግራም ለራሱ ይልክና ኮምፒዩተሩ ላይ ያወርደዋል። አንድ ሜትር የማይርቅ ጠረጴዛ ላይ ለመድረስ ፎቶው ባሕር አቋርጦ ይመለሳል፤ ዳታውም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ኢንተርኔት የሌለ ቀን ደግሞ እሱም የለም።

«ሎካልሴንድ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ስልካችሁም ኮምፒዩተራችሁም ላይ ትጭኑታላችሁ። ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ይተያያሉ፤ ፋይሉ በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዋይፋይ የሌለበት ቢሮ ከሆነ የስልካችሁን ሆትስፖት ብቻ አብሩ፤ የሞባይል ዳታው ቢጠፋም ይሠራል። ለአንድሮይድም፣ ለአይፎንም፣ ለዊንዶውስም፣ ለማክም ይሆናል። የተላከላችሁን ስትቀበሉ ግን ላኪው ማን እንደሆነ አረጋግጡ። የማታውቁት ሰው የላከውን ፋይል መክፈት በዚህኛውም መንገድ አደጋ ነው።

አምስተኛው ሌባ፦ መብራት

ይህኛው ዘበኛ አያስቆመውም፤ የሚወስደውን መቀነስ ግን ይቻላል። ማይክሮሶፍት ዎርድ ድንገት ቢጠፋ መልሶ የሚያወጣላችሁን ግልባጭ የሚይዘው፣ እናንተ ካልነካችሁት በየ10 ደቂቃው ነው። በዘጠነኛው ደቂቃ መብራት ከሄደ ዘጠኙም ደቂቃ አብሮ ይሄዳል። «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሴቭ» የሚለው ውስጥ ግቡና 10ን ወደ 1 ለውጡት። ለዎርድ የሚከፈል ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ ሊብሬኦፊስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ትችላላችሁ፤ እሱም ተመሳሳይ ማስተካከያ አለው። ይህ ማለት ግን እጃችሁ «ኮንትሮል ኤስ»ን ይርሳ ማለት አይደለም። ፋይሉ ገና ስም ሳይኖረው፣ አንድ አንቀጽ እንደጻፋችሁ ስም ስጡትና አስቀምጡት።

ለትልልቆቹ ሥራዎች ደግሞ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለሂሳብ መዝገብ፣ ባለሙያዎች 3-2-1 የሚሉት ደንብ አለ። 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ዕቃ ላይ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። አንዱ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ አንዱ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ወይም ዘመድ ቤት። ላፕቶፕ ከታክሲ ሲሰረቅ ዕቃው ይተካል፤ የሁለት ዓመት ጥናት ግን አይተካም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው።

«ነፃ» ስል ምን ማለቴ ነው?

እዚህ ላይ በደንብ እንግባባ። እስካሁን የጠቀስኳቸው ነፃ ፕሮግራሞች በነፃ ይወሰዱ ተብለው የተለቀቁ ናቸው። የሚከፈልበትን ፕሮግራም ቁልፍ ሰብሮ የሚሰጥ «ክራክ» ሌላ ነገር ነው። በታኅሣሥ 2021 ሬድ ካናሪ የተባለው የደኅንነት ድርጅት (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዊንዶውስን ያለ ክፍያ ያነቃል የሚባለውን «ኬኤምኤስፒኮ» መስለው ስለሚሰራጩ ፕሮግራሞች አስጠንቅቆ ነበር። ውስጣቸው ፓስወርድና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ የሚሰርቅ ተባይ ይዘው ተገኝተዋል። ክራኩ ሲጫን «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል አይደል? ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን የሚያስከፍት እንግዳ ምን ሊሠራ እንደመጣ መገመት አያቅትም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከሠሪው ገጽ አውርዱ እንጂ ከየትም አትልቀሙ። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁም መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ማብቃቱን ዕወቁ፤ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሳደጉ ይመከራል።

«ኧረ አሁን ዘመኑ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው፣ አንተ ስለ ፍላሽ ታወራለህ» የሚለኝ አራዳ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ደብዳቤ ያረቅቃል፣ ረጅም ሰነድ ያሳጥራል። ግን የሚያሳጥረውን ሰነድ የት እንዳስቀመጣችሁት ካላወቃችሁ ምኑን ትሰጡታላችሁ? ደግሞም የደንበኛን ስምና የሂሳብ ቁጥር አለቃ ሳይፈቅድ እዚያ ላይ መለጠፍ ራሱን የቻለ መባረሪያ ነው።

ሌላም በሽታ አለ። አንድ የማውቀው ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ 20 የሚሆን የሥራ ማቀላጠፊያ ጭኗል። የሚሠራውን የሚዘረዝርለት፣ ሰዓት የሚቆጥርለት፣ ማስታወሻ የሚይዝለት፣ ማስታወሻውን የሚያስታውስለት! ጠዋት ገብቶ ዝርዝሩን በቀይና በአረንጓዴ ሲያስውብ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ አዲስ ፕሮግራም ወጣ ሲሉት ዝርዝሩን ሁሉ ወደዚያ ያጓጉዛል። ሥራው ግን እዚያው አለ። እሱን የሚያድን ፕሮግራም የለም፤ የሚያድነው ጠረጴዛው ላይ ያለችው ወረቀት ናት። የሚሰርቀውን ሳያውቅ ነዋ ዘበኛ ያበዛው።

የአክስቴ ልጅስ? ከሳምንት በኋላ መስመሮቿ ከ23 ወደ 8 ወርደው ነበር። አለቃዋ ዘንድ ገብታ «እኔ ቀርፋፋ አይደለሁም» ብላ አልተከራከረችም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠችለት። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየና «ከቅርንጫፍ የሚመጣው አማርኛ ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ለካስ እሱም አያውቅም ኖሯል። 60ው ቀን ሲሞላ ቋሚ ሆናለች። ሁሉም ፕሮግራሞቹ ሠሩ ብዬ አላጋንንም፤ ልጅቷ መጀመሪያም ሠራተኛ ነበረች። ፕሮግራሞቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር ሥራዋ እንዲታይ መጋረጃውን መግለጥ ነው።

እናንተም ይህን ሁሉ ዛሬ ማታ አትጫኑ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ነገ ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ያዙ። መስመሮቹ የበዙበትን አንዱን ሌባ ለዩ፣ ለእሱ ብቻ አንድ ዘበኛ ቅጠሩ፣ ሁለት ሳምንት ተለማመዱት። እጃችሁ ሳታስቡት ሲያዘው ያን ጊዜ ወደ ሁለተኛው እለፉ። በየቀኑ የምታድኗት ሰዓት ደግሞ ለአለቃ ብቻ አትሁን፤ ግማሿን ለራሳችሁ ውሰዷት። በጊዜ ወደ ቤት መግባትም ምርት ነው። ቸር ይግጠመን!